ለፈረንጁ ሐኪም ዋስ የሆንኩበት ቀን

ዛሬ ልጆቻችሁን አዝላችሁ ሐኪም ቤት ስትሄዱ፣ መርፌ የያዘውን ሰው «ዋስህ ማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁም። እኛ ግን ጠይቀናል። እኔ ራሴም ዋስ ሆኜ ውያለሁ፤ መያዣው የሚስቴ ነፍስና የገዛ አንገቴ ነበር። ይህን ሳወራ የሚስቁብኝ ወጣቶች አሉ። ይሳቁ፤ እነሱ ያን ቀን ሆሳዕና፣ እኔ ቤት ደጃፍ ላይ አልቆሙም።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ከጎረምሳነት ወጥቼ ሰው ከመባል ገና ያልደረስኩ፣ በአገረ ገዢው ግቢ ጸሐፊ ነበርኩ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ ስለቀመስኩ፣ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር «ያንን ልጅ ጥሩት» ይባልና አስተረጉማለሁ። ሆሳዕና ያኔ ከተማ ከምትባል መንደር ብትባል ይቀላል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የገዢው ግቢ፣ ገበያው፣ ከዚያ ወዲያ እንሰት የከበባቸው ቤቶች፤ ይኸው ነው። ችሎቱ በአማርኛ፣ ገበያው በሀዲይኛ ይውላል።

ሚስቴ አስካለ የግራዝማች ተክሌ ልጅ ነበረች። ግራዝማች በወጣትነታቸው ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ባላምባራስ ታፈሰ ይባላሉ። እሳቸው ሙግት ካላገኙ እህል የማይበላላቸው፣ በችሎት ቆመው ምስክር ሲያፋጥጡ ሰው ሥራውን ትቶ ሊሰማቸው የሚመጣ ሰው ነበሩ። እኔን «የፈረንጅ አፍ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ለፍቅር ይሁን ለንቀት እስከዛሬ አልገባኝም።

ፈረንጁ ሐኪም ወደ እኛ የመጣው በዚያው ዘመን ነው። ገና ፀጉሩ ያልሳሳ ወጣት ነበር፤ ሰዉ «ሙሴ ሐኪም» ይለዋል። አገሩ ካለው፣ ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆነ ትልቅ የሕክምና ቦታ ተምሮ የወጣ ነው። መምህሮቹ አዳዲስ መድኃኒት የሚፈትኑ ሰዎች ናቸው፤ እሱንም የዚህን አገር ትኩሳት እንዲያጠና አደራ ብለውታል። የበሽተኛ ደም በትንንሽ መስተዋት ላይ እየቀባ፣ በሣጥን እያሸገ ይልክላቸዋል። ከተማው ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ነበር፤ ደማችንን ለባሕር ማዶ ነጋዴ ይሸጠዋል ይባል ነበር። እኔም እንዳላምን እየፈለግሁ፣ አንዳንዴ እጠረጥረው ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ግርሻ ገባ። የዛሬ ልጆች ስሙን ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ግርሻ ትኩሳት ነው፤ ሰውን አንድ ሰሞን አንድዶ ይለቀዋል። ዳነ፣ ተመስገን ሲባል ተመልሶ ይይዘዋል። ብዙውን ሰው የሚወስደው በመመለሻው ነው።

አማቴ ግራዝማች በዚሁ ታመሙ። እኔ በመንግሥት ጉዳይ አዲሎ ተልኬ ስለነበር በቦታው አልነበርኩም። ሐኪሙ ወሬውን ሰምቶ፣ ሳይጠሩት ሣጥኑን በበቅሎ አስጭኖ ደጃቸው ደረሰ። ባላምባራስ በሩ ላይ ቆመው ዋስ ጥራ አሉት። ዋስ ሳይጠራ በአባቴ ገላ ላይ መርፌ የሚተክል የለም፣ ቢሞቱ ደማቸውን ከማን እጠይቃለሁ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለማያውቀው ፈረንጅ ግን ማን ዋስ ይሆናል? በግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ። ሐኪሙም በመጣበት ተመለሰ። ግራዝማች ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

እኔ የደረስኩት ለለቅሶው ነው። መቼም በእኛ ወግ የሟች ልብስና ጠመንጃ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ እሱ እየታየ ይለቀሳል። አስካለም የአባቷን በርኖስ ደርባ አለቀሰች። ለቅሶው አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ሲሄድ እንኳ በርኖሱን አላወልቅም አለች። የአባቴ ጠረን አለበት ብላ ተከናንባው ትተኛ ነበር። ማን ከልክሏት? አባቷን የምትወድ ደግ ልጅ ናት ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ እሷ ወደቀች። ትኩሳቱ ለቀቃትና ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ሳመች፤ እኔም ስለቴን ላገባ ሳስብ ተመለሰባት። በዚህኛው ዙር ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። አፍንጫዋ ይደማል፤ ውሃ ስናጠጣት አትውጠውም። ሥር የሚበጥሱ መጡ፣ የሚያጥኑ መጡ፣ ጠበል መጣ። ሁሉም ትድናለች፣ አይዞህ አሉኝ። ባሉኝ ቁጥር ትብስባታለች። ጠዋት ላይ ስሟን ብጠራት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልደርብ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ።

ሐኪሙ የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ ወዲያው አልተነሣም። ጥቂት አሰበና እንዲህ አለኝ።

«ግርሻ ከሆነ መድኃኒት አለኝ። የተማርኩበት ሐኪም ቤት መምህሮቼ ለዚሁ ትኩሳት ሞክረውታል፤ ሠርቷል። እኔ ግን በእጄ ለዚህ በሽታ ሰጥቼው አላውቅም። ከመሻሏ በፊት ሊብስባት ይችላል። ትድናለች ብዬ ልምልልህ አልችልም። አላውቅም።»

እንዲያው ምን ልበላችሁ፤ ያን ሁሉ ሰሞን የሚያውቅ ሰው ቤቴን ሞልቶት ነበር። አላውቅም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እና ያመንኩት እሱን ነው።

ቤቴ ስንደርስ ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወሬው ቀድሞን ሄዶ ኖሯል። ሐኪሙን ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ዋስ ጥራ አሉት።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

ባላምባራስ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ባሏ ነህ።»

«ባሏም ዋሱም ነኝ።»

«አስካለ ከሞተች ደሟን ከአንተ ነው የምፈልገው። ዘመድነታችን ያን ጊዜ ያበቃል። ሰምተኸኛል?»

ሰምቻለሁ አልኳቸው፤ ሐኪሙ ከመሻሏ በፊት ሊብስባት ይችላል ማለቱንም ነገርኳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ሆነ። ግን ዋስ ብቻ አልበቃቸውም። እስኪለይለት ድረስ በቁራኛ ይዤው እውላለሁ አሉ። ቁራኛ ማለት በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በልብሳቸው ጫፍ መቋጠር ነው፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ባላምባራስ የነጠላቸውን ጫፍ ከሐኪሙ ኮት ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። ነገሩን ለሐኪሙ ሳስረዳው አልተቆጣም፤ ቀኝ እጄን ብቻ ነፃ ይተዉልኝ አለ።

እንደተቋጠሩ ገቡ። ሐኪሙ አስካለን ዳሰሳት፤ ከዚያ የተከናነበችውን በርኖስ አየና የማን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት። ስፌቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቅማል አወጣና በጣቱ ላይ አሳየን። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው ይህ ነው፣ በርኖሱ ይቀቀል አለ። ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። በግራዝማች በርኖስ ላይ ቅማል አለ ብሎ የተናገረ ሰው እስከዛሬ በሕይወት አልኖረም አሉኝ፤ ይህንንም ተርጉምለት አሉ። ተረጎምኩለት። በርኖሱንም ከላይዋ ገፍፌ ጥግ ላይ ጣልኩት።

ሐኪሙ ከአስካለ ጣት ጠብታ ደም ወስዶ ደጅ ወጣ። ነገር የሚያጎላውን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ተክሎ፣ በሥሩ ባለች ትንሽ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየጠለፈ አየበት። ባላምባራስም ተቋጥረዋልና አጠገቡ ቆመዋል። ሐኪሙ ፈቀቅ ብሎ እንዲያዩ ጋበዛቸው። ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ይህ የሚርመሰመሰው ምንድን ነው? እንደ ክር የቀጠነው።»

«በሽታው ነው» አልኳቸው፤ «ከእህትዎ ደም ውስጥ ያለ ነው።»

ሐኪሙ መድኃኒቱን በንጹሕ ውሃ በጠበጠው፤ ክንዷን አሥሮ ደም ሥሯን ፈለገና ቀስ ብሎ ወጋት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ሰዓቱ ገና ብዙ ሳይገፋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ትኩሳት ሲይዝ የሚያንቀጠቅጠውን መንቀጥቀጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። አልጋው ይንቋቋል፤ ጥርሷ ሲፋጭ ደጅ ድረስ ይሰማል። ብርድ ልብስ ደራረብንባት፤ እኔ በላይዋ ላይ ተኛሁባት፤ እኔንም ይዛኝ ትንቀጠቀጣለች። ገላዋ እንደ እሳት ይፋጃል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ሐኪሙ እጇን ይዞ የደም ሥሯን ትርታ ሲቆጥር ፊቱን አየሁት። ሰውየው ፈርቷል። ይህን ያህል ይብሳል ብዬ አላሰብኩም አለኝ በቀስታ። ይህንን አልተረጎምኩትም፤ መተርጎምም አላስፈለገም፤ ባላምባራስ የሰውን ፊት ማንበብ ሥራቸው ነው።

የንስሐ አባታችንን አስጠሩ። ከዚያ፣ እንደተቋጠሩ፣ ጠመንጃቸውን አጎረሱት። ማንንም አላስፈራሩም፤ አልጮኹም። ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና «ከመሻሏ በፊት ይብስባታል ብሎህ ነበር አይደል? የገደለ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ሞትን ያን ሰዓት አልፈራሁትም። የፈራሁት እኔ ራሴ እጁን ይዤ ገዳይዋን ወደ ቤቷ ማስገባቴን ነው። ባትወጋ ኖሮ ምናልባት እስከ ማታ ትቆይ ነበር እያልኩ ራሴን ከሰስኩ።

ሐኪሙ እንደገና ደም ልይ አለ። ከጣቷ ወሰደና ደጅ ወጡ፤ ባላምባራስ ጠመንጃቸውን በአንድ እጅ ይዘው ተከተሉት። ሰማዩ ግን ጠቁሯል። የክረምት ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ ብርሃን ከሌለ መሣሪያው አያሳይም። ሦስታችን ጠረጴዛውን ከብበን ወደ ሰማይ አንጋጠን ቆምን። ከቤት ውስጥ የአልጋው መንቋቋት ይሰማናል። የንስሐ አባታችን ደርሰው አጎንብሰው ሲገቡ አየኋቸው። እንደዚያ ፀሐይ የለመንኩበት ቀን የለም፤ ዝናብ ሲጠፋ ዝናብ ለምነናል፣ ፀሐይ ግን በዚያ አገር ማን ይለምናል።

ደመናው ተገለጠ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደሙ ያለበትን መስተዋት ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ብዙ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለባላምባራስ ቦታውን ለቀቀላቸው።

ባላምባራስ ጎንበስ አሉ። «የሉም» አሉ ቆይተው። «የት ሄዱ?»

ሞተዋል ይላል አልኳቸው። የደነገጠው ሥጋዋ ነው፤ በሽታው በደሟ ውስጥ ሲያልቅ ገላዋ ይታወካል ይላል። በዚህ የሚያልፉልን መስሎኝ ነበር። ባላምባራስን አላወቅኳቸውም ማለት ነው። ቀና ብለው ጢማቸውን ጨበጡና፣ ችሎት ላይ ምስክር እንደሚያፋጥጡት ሐኪሙን ያፋጥጡት ጀመር። በዚህ መስተዋት ላይ ያለው የእህቴ ደም ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? የሌላ ሰው ደም አዘጋጅቶ ቢሆንስ? እኔ እያየሁ ከሌላኛው እጇ ይቅዳ። ከእኔም ይቅዳ፤ የደህና ሰው ደም ምን እንደሚመስል ልይ። የጠዋቱም መስተዋት ይምጣ፤ ሦስቱን አስተያያለሁ።

ሐኪሙ ይህን ስተረጉምለት የሚናደድ መስሎኝ ነበር። ፊቱ በራ። መምህሮቼ እዚህ ቢኖሩ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው አለኝ።

እንደተባለው ሆነ። ባላምባራስ የገዛ ጣታቸውን አስወጉ፤ ወደ እህታቸው ገብተው ደሟ ሲቀዳ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ አንዱን አይተው ወደ ሌላው፣ ሌላውን አይተው ወደ መጀመሪያው እየተመላለሱ መረመሩ። የጠዋቱ ደም ደርቋልና የሚንቀሳቀስ የለበትም፤ ሐኪሙ ግን በቀለም ነክሮት ስለነበር ክሮቹ ተለይተው ይታያሉ። በአሁኑ ደሟ ላይ ግን የሉም፤ የእሳቸውና የእሷ ደም አንድ ሆኗል።

ባላምባራስ ቀና አሉ። ጥይቱን ከጠመንጃቸው አወጡና ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ውስጥ ገብተው የንስሐ አባታችንን «አባቴ፣ ይቀመጡ። ገና ነን» አሏቸው።

መንቀጥቀጡ ወዲያው አልቆመም። ግን እየቆየ ላላ። ቀጥሎ ላብ መጣ፤ ብርድ ልብሱን ብንጨምቀው ውሃ የሚወጣው ያህል። ሐኪሙ እጇን አልለቀቀም፤ ባላምባራስም ነጠላቸው ተይዟልና ከእግሯ ሥር ተቀምጠዋል። ከብት ወደየቤቱ ሲገባ አስካለ ዓይኗን ገለጠች። እኔን አየችና ስሜን ጠራችኝ። ውሃ አጠጡኝ አለች፤ ጠጥታም ዋጠችው። ቀጥላ ይህ ሁሉ ሰው ቤታችን ምን ሆኖ ነው የመጣው ብላ ጠየቀችን። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ መሐል ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስመለስ ባላምባራስ ቋጠሮውን እየፈቱ ነበር። ፈትተው ሲጨርሱ ግን ከሐኪሙ አጠገብ አልተነሡም።

«ጠይቅልኝ» አሉኝ፤ «አባቴንም ያድነው ነበር?»

ተረጎምኩት። ሐኪሙ መለሰ፤ እኔ ግን ቃሉን ማለዘቢያ ፈለግሁ። ባላምባራስ በዚያች ሰዓት መስማት የሌለባቸውን ነገር መስማት ፈልገዋል።

ባላምባራስ ገባቸው። «አታለዝበው። እንዳለው ንገረኝ።»

«የእሳቸውን ደም አላየሁም፤ ስለዚህ አላውቅም ይላል። ሽማግሌም ነበሩ። በሽታው ይኸው ከነበረ ግን… አዎን፣ የሚድኑ ይመስለኛል ይላል።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው የአባታቸውን በርኖስ ከተጣለበት አነሡ፤ ደጅ ድስት ተጥዶ ነበርና በእጃቸው ከፈላው ውሃ ውስጥ ነከሩት። እዚያው እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ማንም አልቀረባቸውም። እኔም አልቀረብኳቸውም፤ ምን ብዬ?

አስካለ ዳነች። ትኩሳቱ ይመለስባት ይሆን እያልን ብዙ ሰሞን እየነቃን ገላዋን ዳሰስን፤ አልተመለሰም። ልጆች ወልዳልኝ፣ ከእኔ ጋር አርጅታለች።

እኔን ግን ያ ቀን ሌላ ሰው አደረገኝ። በኋላ ዳኛ ሆኜ በብዙ ወረዳ ፈርጃለሁ። ከዚያ በፊት እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ያሸንፈኝ ነበር፤ ድምፁ ከፍ ያለውን አምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን «ይህን አይቻለሁ፣ ያንን አላየሁም» የሚል ምስክር ሲቀርብ ጆሮዬ ይቆማል። እናንተም አንባቢዎቼ፣ በሽተኛ ይዛችሁ ስትጨነቁ «አላውቅም» የሚል ሐኪም ቢገጥማችሁ አትሽሹት። አላውቅም ብሎ እጁን አጣጥፎ ካልሄደ፣ ይልቁንም ቁጭ ብሎ ደሙን ደጋግሞ ካየ፣ ያ ሰው እንደ እናንተው ተጨንቋል ማለት ነው። ደግሞም ጠይቁት፤ አፋጥጡት። ጥያቄ የሚያስቆጣው ከሆነ ያን ጊዜ ጠርጥሩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። በማግስቱ ማለዳ ከሞርሲቶ መንደር የመጡ፣ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ ልጃቸውን በቃሬዛ አስይዘው ሐኪሙ ደጅ ደረሱ። ልጁ በዚያው ትኩሳት ተይዟል። ሽማግሌውም እንደ ደንቡ፣ በሀዲይኛ፣ ዋስ ማን ነው ብለው ጠየቁ። በደጁ የነበረው ሰው እንደ ልማዱ አቀረቀረ። ባላምባራስ ታፈሰ ሌሊቱን እንዳልተኙ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ከሰዉ መሐል ወጥተው በዚያ በተሰባበረ ሀዲይኛቸው እኔ ነኝ አሉ።

የላምቤቦ ልጅ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም አልዳኑም፤ ዘግይተው የመጡ ነበሩ፣ አቅም ያነሳቸው ነበሩ። የሞተ ሲኖር ባላምባራስ ብቻቸውን፣ ጠመንጃ ሳይዙ ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። ዋሱ እኔ ነበርኩ፣ የምትሉኝን በሉኝ ብለው ለቅሶው እስኪያበቃ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ገብቶ የሚታረቅበት ቀን ነበር፤ ተሰድበው የተመለሱበትም ቀን ነበር። ለሰው አገር ሰው ይህን ያህል ምን አስጨነቀዎት ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ለአባቴ ዋስ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ነበር» አሉኝ።